ለህንድ ያለቀሰችው እህቴ

በዚህ ክረምት ብዙ ፊልም አየሁ። ጉልበቴ ደረጃ መውረድ ሲጠላ የልጄ ልጅ ኖያ ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት ጋር አገናኘችና "ሳብታ፣ አሁን የዓለም ፊልም በሙሉ ያንቺ ነው" አለችኝ። ሳብታ የምትለኝ እኔን አያቷን ነው፤ አማርኛው ሲደክማት በዕብራይስጥ ታርፋለች። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ካርቶን ሳሽግ የኖርሁ ሴትዮ፣ በጡረታዬ ጧት ጧት ሶፋ ላይ ተደላድዬ በሰው ፊልም ላይ መፍረድ ሥራዬ ሆነ።

የአሜሪካኖቹን ብዙም አልወደድሁላቸውም። አንዱን ፖሊስ ሚስቱ ትታው ትሄዳለች፤ እሱ ንዴቱን በመኪና ይወጣል። መኪና ሲገለበጥ፣ መኪና ሲቃጠል ፊልሙ ያልቃል። ከሰፈሬ ከጊቫት ሃሞሬ ወደ ከተማ የሚወርደውን አውቶቡስ በዝናብ ስጠብቅ ለኖርሁት ለእኔ ያን ያህል መኪና ሲባክን ማየት ኃጢአት ነው። የፈረንሳዮቹ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ባልና ሚስት ተቀምጠው ይበላሉ፣ ዝም ይላሉ፣ በመስኮት ያያሉ፣ አለቀ። ኖያ "ይሄ ጥበብ ነው" ትለኛለች። እንዲያማ ከሆነ እኔና ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዘመናችንን ሁሉ ጥበብ ስንሠራ ኖረናል። ከአዲስ አበባ የሚመጡት አዳዲሶቹ አማርኛቸው ጆሮዬን ደስ ያሰኘዋል፤ ግን ሁሉም ሰው ቪላ ቤት ሲኖረው ሥራ የሚሠራ አንድም ሰው አላየሁም። ፍቅረኞቹ ሲጣሉ ይዘንባል፣ ሲታረቁ ያባራል።

ስለ እኛ ስለ ቤተ እስራኤሎች የተሠራውንም አየሁ፤ ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው። ተዋናዮቹ የእኛው ልጆች ናቸው፣ ሲያዩዋቸው ያምራሉ። ነገር ግን በረሃ አቋርጠው የመጡ ሰዎች ቀሚሳቸው ከሳጥን እንደወጣ ነጭ ነው። ይባስ ብሎ አንዲቱ ልጅ የእናቷን ሞት በስልክ ሰማች። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ ይመክርበታል፤ ሰውየው የታመመ እንደሆነ እስኪድን፣ ሴቲቱ አራስ እንደሆነች እስክትጠነክር ይጠበቃል፤ ከዚያ ንጋት ላይ ሽማግሌ ይላካል። እስከዚያው የሚያውቀው ሰው አፉን ይዘጋል፣ ፊቱንም ይጠብቃል። ይህን ለኖያ በቁጣ ሳስረዳት "አዙሮ የሚያይ አንድ ሽማግሌ እንኳ አልነበራቸውም ወይ?" እያልሁ ነበር። እንዲያ ስናገር የገዛ ቤቴን መርዶ ምን ያህል እንደማላውቀው አልታወቀኝም።

ያየሁትን ፊልም ሁሉ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ያልጋነሽ እነግራታለሁ። ከእኔ ሕንፃ ጎን ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ትኖራለች፤ ዓይኗን ስኳር በሽታ ወስዶባት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው። በሰንበት ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ አፍ ግን አይዘጋም። ከምሳ በኋላ ቀስ ብዬ እሄድና ከዓርብ ጀምሮ ፕላታው፣ የሰንበቱ ማሞቂያ ምድጃ፣ ላይ ሲሞቅ ከዋለው ውሃ ሻይ ቀድተን እኔ እተርካለሁ፣ እሷ ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ከፊልሙ ውጭ ነው። ፖሊሱ ሲተኩስ "ልጆቹን ማን ይዟቸዋል?" ትለኛለች። ፈረንሳዮቹ ዝም ሲባባሉ "ምናልባት አንዳቸው የሚያውቁት ነገር ይኖራል" አለች። እኔም ሳቅሁባት።

እህቴ ላይ መሳቅ ለምዶብኛል። ቤተሰባችን በተሰበሰበ ቁጥር፣ ግርዘት ይሁን ሰርግ፣ "ትርንጎ፣ ያን የህንዱን ንገሪን" ይሉኛል። ተነሥቼ እነግራቸዋለሁ። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "እኛ ሁላችን ለኢየሩሳሌም ስናለቅስ እትዬ ያልጋነሽ ለህንድ ታለቅስ ነበር" እላለሁ፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ እንባዋ እስኪወርድ ትስቅና በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች። ያን እንባ ሳይ "ዛሬም አሳመርሁት" እል ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎንደር ወርደን አዲስ አበባ ላይ "ዛሬ ነገ ትሄዳላችሁ" እየተባልን የተቀመጥንበት ዘመን ነበር። ዓመቱን ልጆቼ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ መንግሥት ሊለወጥ አንድ ሐሙስ የቀረው ጊዜ ነበር ይላሉ። እኔ የማስታውሰው ጭቃውን፣ ሲራመዱበት የሚጮኸውን የኮንጎ ጫማ፣ በስሙኒ የሚገዛውን ትኩስ ፓስቲ፣ የከተማ ሴቶች ትከሻቸው ላይ ትራስ የገባበትን ኮታቸውን ነው። ከየሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ የሚወጣው ዘፈን እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር፤ እትዬ ከግራውም ከቀኙም ትይዝና አንድ ላይ ታዜመዋለች። የእስራኤል ኤምባሲ አካባቢ አንዲት የጭቃ ክፍል ከሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ጋር ተከራይተን ነበር። ወንዶቹ ሰልፍ ይውላሉ፣ ሴቶቹ የትራስ ልብስ ይጠልፋሉ። ጥልፍ ላይ እትዬን የሚያህላት አልነበረም፤ የጠለፈችው አንበሳ ሰው ሊበላ የተነሣ ይመስላል።

እኔ ያን ጊዜ አራስ ነበርሁ። በአገራችን የወለደች ሴት ከቤት ወጥታ አራስ ጎጆ ትገባለች፤ ማንም አይነካትም፣ እሷ የበላችበትም ዕቃ ለብቻው ነው። አዲስ አበባ ላይ ጎጆ ከየት ይመጣል? ጥግ ላይ አንሶላ ጋረዱልኝና እሱ ጎጆዬ ሆነ። የወለድሁት ሴት ስለሆነች ሰማንያ ቀን ከዚያ አንሶላ ጀርባ ነበርሁ፤ ያቺ ሕፃን ዛሬ የኖያ እናት ናት። እናታችን ደግሞ ገና አልወረደችም። ከብቱ ይሸጥና ከአጎታችን ጋር በሚቀጥለው ጉዞ ትመጣለች ተብሎ መንደር ቀርታ ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እማዬ የመጣች እየመሰለኝ ሕፃኗን ከጡቴ አላቅቄ አዳምጣለሁ።

አንድ ቀን ካገራችን የወረደ ሰው እትዬን በር ላይ አስጠራት። በአንሶላው ክፍተት ቡናማ ካፖርቱን አየሁ፤ ግቡ ቢሉት አልገባም። እትዬ አብራው ወጣች፤ የተመለሰችው ሊመሽ ሲል ነው። ዓይኗ አብጦ በርበሬ መስሏል።

"ምን ሆነሻል?" አልኋት።

"ምንም። ሲኒማ ቤት ገብቼ ነው። የህንድ ፊልም አስለቀሰኝ።"

"እማዬስ? ሰውየው ምን አለ?"

"ደህና ናት። ከብቱ አልተሸጠ ኖሮ ትንሽ ትቆያለች።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ጎረቤታችን "አዬ፣ የራሷ አንሷት የህንድ እንባ ገዝታ መጣች" አለች። እኔ ግን ከአንሶላው ጀርባ ቀናሁ። እኔ በላብና በጡት ወተት ስነከር እሷ ሲኒማ ትገባለች። "ምን ዓይነት ፊልም ነው እንዲህ የሚያደርግሽ?" ብዬ ጠየቅኋት፤ በጥያቄው ላይ ትንሽ መርዝ ነበረበት። እትዬ ከአንሶላው ወዲያ ራቅ ብላ ተቀመጠችና ትነግረኝ ጀመር። እናትና ልጅ ባቡር ጣቢያ ላይ ይጠፋፋሉ። ልጅቱ በአንዱ ባቡር ትሄዳለች፣ እናቲቱ ጓዟ ላይ ተቀምጣ የሚቀጥለውን ትጠብቃለች።

ከዚያ ወዲህ ደጋግማ ሄደች። ከፊት ያለው ወንበር አንገት ስለሚያጣምም ርካሽ ነው፤ የአንድ ጥልፍ ዋጋ ሁለት ሦስቴ ያስገባል ትላለች። በሄደች ቁጥር ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች፣ ከአንሶላው ወዲያ ትቀመጣለች፣ ካቆመችበት ትቀጥላለች። እናቲቱ ባቡሩን አገኘችው። ባቡሩ ወንዝ ሲደርስ ይቆምና ውሃ ይጠጣል። ሹፌሩ ወርዶ ለተሳፋሪው ጥላ ያለበት ዛፍ ይፈልጋል። ሁለታችንም ባቡር አይተን ስለማናውቅ እውነት ነው ብዬ ተቀበልሁ፤ ስንት ዓመት ቆይቶ እዚህ አፉላ ጣቢያው ተከፍቶ ከወታደሮቹ መሀል ቆሜ ወደ ሃይፋ ስሳፈር እንኳ የት ላይ ይሆን የሚጠጣው እያልሁ በመስኮት አይ ነበር። የአራስነቴ ጊዜ ሲያልቅ ፊልሙም አለቀ። እናቲቱ ቢጫ ሻርፗን አድርጋ ከባቡር ወረደች፣ ልጅቱም በድምፅዋ አወቀቻት። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ ጠገብሁ።

ከአንሶላው ስወጣ እትዬ ወደ ፒያሳ ወሰደችኝ፤ የሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሥዕል በዓይኔ አየሁት። ባቡር አለ፣ ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ሴት አለች፣ ጺማም ሰው አለ፣ ትከሻው ላይ ደግሞ ባርኔጣ የያዘች ጦጣ።

"ጦጣዋ ምን ትሠራለች?" አልኋት።

"እሷማ የሌላ ፊልም ናት። ቦታ ጠቧቸው ነው እዚህ የለጠፏት።"

አመንኋት። ብዙም ሳይቆይ አውሮፕላኑ መጣልን፤ ወንበር በሌለው ወለል ላይ ሕፃኗን ታቅፌ መጣሁ። እማዬን በሚቀጥለው ያመጧታል ብዬ ነበር። መርዶዬን የሰማሁት እዚህ፣ ሕፃኗ ጡት ስትተው፣ ያስቀመጡን ሆቴል ውስጥ ነው። ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ በር ቆረቆሩ። እትዬ አጠገቤ ነበረች፤ እኔ ስጮህ ጮኸች፣ ደረቴን ስመታ ደረቷን መታች። አንድ ላይ የሰማን መሰለኝ። መቼ እንደሰማች ጠይቄያት አላውቅም።

ወደ አሁኑ ልመለስ። የእትዬ የልጅ ልጅ ሰርግ ደረሰ። የአጎት የአክስት ልጆች ተመካክረው "ትርንጎ ቀልዷን ስትነግር ፊልሙ አዳራሹ ስክሪን ላይ ቢታይስ?" ብለው ለኖያ አደራ ሰጧት። ኖያ እትዬ ታዜመው የነበረውን ዜማ አስዜመችኝ፣ ሥዕሉን አስነገረችኝ፣ ስልኳን ስትጎረጉር ሰነበተችና አንድ ቀን አገኘችው። ባቡሩ አለ። ባለ ቢጫ ሻርፗ አለች። ዜማው ሲመጣ ጠጉሬ ቆመ፤ ያው እትዬ ጥልፏን ይዛ ስታንጎራጉረው የነበረው ነው። መሐረብ አዘጋጅቼ ተቀመጥሁ፣ አሁን ጉዱን ላየው ነው ብዬ።

ፊልሙ ውስጥ እናት የለችም። ልጅም አልጠፋችም። ሁለት ሌቦች አሉ፣ አንድ ወፍራም ፖሊስ አለ፣ ጦጣዋ የሰው ባርኔጣ እየሰረቀች ባቡር ለባቡር ታሯሩጣቸዋለች። ቢጫ ሻርፕ ያደረገችው ሴት የፖሊሱ እጮኛ ናት፤ ከጦጣዋ ጋር ትጨፍራለች። ኖያ ሶፋው ላይ እየተንከባለለች ሳቀች።

"ሳብታ፣ ዜ ኮሜዲያ። የሚያስቅ ነው እኮ። ዶዳ ያልጋነሽ፣ አክስታችን፣ ለምን አለቀሰች?"

በመጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ እንዲህ ስትዋሸኝ ኖራለች ብዬ። ከዚያ ያ ቡናማ ካፖርት ትዝ አለኝ። በሩ ላይ ቆሞ ግቡ ቢሉት ያልገባው ሰው። ለምን እንዳልገባ በዚያች ሰዓት ገባኝ። አራስ ባለችበት ቤት መርዶ ይዞ አይገባም። ለእትዬ ነግሯት ሄደ፤ ሦስት ቤተሰብ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ፣ ከአንሶላው ጀርባ ጆሮዬን አቁሜ በተቀመጥሁበት፣ እሷ የት ሄዳ ታልቅስ? ሲኒማ ቤት ጨለማ ነው። እህቴ ለእናታችን ጥግ ፈልጋ በጨለማ ስታለቅስ፣ እኔ ቀናሁባት። ቀንቼም አልቀረሁ፣ ልቅሶዋን ቀልድ አድርጌ በየሰርጉ ሰው ሳስቅበት አረጀሁ። ራሴን ጠላሁት። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ፊልም አልከፈትሁም፣ ምግብም አልጣመኝም፤ ኖያ "ኩፓት ሆሊም ልውሰድሽ?" እስክትለኝ ድረስ። ክሊኒክ የሚያድነው በሽታ ቢሆን በወደድሁ።

ሰንበት ደረሰ። ከሰርጉ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ሰንበት ናት። ሄድሁ፣ ሻይ ቀዳሁላት፣ ብርጭቆውን እጇ ላይ አስያዝኋት።

"የዚህ ሳምንቱስ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ይቅርታ ልጠይቃት ነበር ያሰብሁት፤ አፌ ግን ሌላ አወጣ። "የህንድ ነው" አልኋት። "እናትና ልጅ ባቡር ጣቢያ ላይ ይጠፋፋሉ።" ራሷ እንደነገረችኝ ነገርኋት። ጓዟ ላይ ያስቀመጠቻትን እናት አስቀመጥሁ፣ ባቡሩን ወንዝ ወስጄ አጠጣሁት፣ ተሳፋሪውን ጥላ ሥር አሳረፍሁ። ድምፄ ሲሰበር ሻይ እየተጎነጨሁ ቀጠልሁ። እናቲቱ ቢጫ ሻርፗን አድርጋ ከባቡሩ ስትወርድ እትዬ ብርጭቆዋን በመዳፏ አዞረች።

"ጦጣዋስ?" አለች።

ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ።

"ያቺን ባርኔጣ የምትሰርቀዋን ዘለልሻት።"

"እትዬ፣ ያ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ነው የነገረሽ?"

"እሱ ነው።"

"ያን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን?"

"አራስ ነሻ። ከዚያም ሕፃኗ ከሳች፣ ወተትሽ እንዳይደርቅ ፈራሁ። ከዚያ አውሮፕላኑ መጣ። ምን ላደርግ ኖሯል?" አለች፤ ገበያ ሄጄ ሽንኩርት አጣሁ እንደሚል ሰው ነው የምትናገረው።

"ሁሉም የሚስቅበት ፊልም ውስጥ እንዴት ታለቅሻለሽ?"

"የሚያስለቅሱም ነበሩ እኮ፤ ማዶ ያለው ሲኒማ ቤት አንድ ቀን ገብቼ ነበር። እዚያ ሰው ጸጥ ብሎ ያያል፣ ትንሽ ድምፅ ብታወጭ ዞሮ ያይሻል። የሚያስቀው ይሻላል። ሲስቁ አይሰሙሽም።"

እንባዬ መጣ። እሷ ባታየኝም ትንፋሼን ሰማች መሰለኝ እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ፈለገችና ያዘችኝ።

"ተይ። ዛሬ ሰንበት ነው፣ አይለቀስም። አቆይው።"

"ሰርጉ ላይ አልናገርም" አልኋት። "ለኖያም እነግራታለሁ፣ ያን ፊልም አታሳይም። ያን ቀልድ ሁለተኛ ከአፌ አላወጣውም።"

"ለምን? ንገሪ እንጂ።"

"በምን አፌ? በአንቺ ልቅሶ ሰው ሳስቅ ኖሬ።"

"ትርንጎ፣ ስሚኝማ። አንቺ በሥርዓት ተረድተሽ አልቅሰሽ ወጥቶልሻል። እኔ ተርፎኛል። ግርዘት ላይ፣ ሰርግ ላይ ተነሥቼ እማዬ ብል ያበደች ይሉኛል። አንቺ ስትነግሪ፣ እነሱ ሲስቁ፣ እኔ ትንሽ አለቅስላታለሁ።" ነጠላዋን አሳየችኝ፣ ጫፉን በጣቷ እያሻሸች። "ሁሉም የሳቅ ነው ይላሉ። አንቺም የሳቅ ነው ትያለሽ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ስወጣ በሩ ድረስ ግድግዳውን ይዛ ሸኘችኝና "ጮክ ብለሽ ንገሪ፣ ባለፈው ድምፅሽ ደክሞ ነበር" አለችኝ።

ሰርጉ የተደረገው ኢንዱስትሪ ቀጠናው ጫፍ ባለው አዳራሽ ነው፤ ከፋብሪካ ስወጣ በደጃፉ አልፍ የነበረ። ወጣቱ ሲጨፍር ቆየና ኖያ ማይኩን አስያዘችኝ። ስክሪኑ ላይ ጦጣዋ ወጣች። ጮክ ብዬ ነገርሁ፤ ኮንጎ ጫማውን፣ ፓስቲውን፣ ያበጠውን ዓይን፣ አንዱንም ሳልዘል። ኢየሩሳሌም ያልሁ ጊዜ ሁሉም መጨረሻውን ስለሚያውቁት አብረውኝ አሉት፤ ጦጣዋም በዚያው ሰዓት የፖሊሱን ባርኔጣ ነጠቀች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ያልጋነሽ ከፊት ወንበር ላይ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሣች። ማይኩን ለኖያ ሰጠሁና ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥሁ፤ እኔም ነጠላዬን አነሣሁ። ሳቁ እስኪበርድ ጊዜ ነበረን።